ጦስኝ በግቢያችን፦ ለሻይም ለንብም (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ጦስኝ ተክዬ ለጎረቤትና ለዘመድ ችግኝ ማካፈል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ችግኙን የወሰደ ሰው ሁሉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይደውላል። «ቢጫ ሆነብኝ»፣ «ውሃ ስንቴ ላጠጣው?»፣ «ንብ አመጣብኝ፣ ምን ላድርግ?» ይላል። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ግቢዬ ጠባብ ነው፤ ከበሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ለጦስኝ ግን ይበቃል።

ጦስኝ የሚባለው በትክክል የትኛው ተክል ነው?

መሬት ላይ እየተሳበ የሚያድግ፣ ቅጠሉ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ የደጋ ተክል ነው። ቅጠሉን በጣታችሁ ስታሹት ሽታው እጃችሁ ላይ ይቀራል። አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ይቆያል፤ እንደ በሶብላ በየዓመቱ አይዘራም።

በአገራችን ጦስኝ የምንላቸው ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አሉ። በብዛት የምናገኘው ሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ ነው። ከባሌ ተራሮች አንስቶ በሸዋ፣ በወሎና በጎንደር ደጋዎች ይበቅላል። ሁለተኛው ታይመስ ሰሩላተስ ይባላል፤ እሱ የሰሜኑ ክፍል ተክል ነው። ሺምፔሪ የሚለው ስም የመጣው ከጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ከጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ፣ እዚሁ ኖሮ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሞተ።

ይህ ጦስኝ በተፈጥሮ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር አይበቅልም። አገር በቀል ስል እንግዲህ እንዲሁ ለማሞገስ አይደለም። ከተራሮቻችን ላይ ከጠፋ፣ ሄደን የምናመጣበት ሌላ አገር የለም።

የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ ነው። ቁጥቋጦ ሆኖ ወደ ላይ ያድጋል፣ ቅጠሉ መርፌ ይመስላል፣ የትውልድ አገሩም የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው። ንብ እሱንም ትወደዋለች፤ ግቢያችሁ ውስጥ ካለ አትንቀሉት።

የዘር መሸጫ ሱቆች «ታይም» ብለው በፓኬት የሚሸጡት ደግሞ የአውሮፓው ጦስኝ ነው። ከእኛው ጋር የአክስት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ሽታውም ይቀራረባል። የአውሮፓውን ዘር በየትኛውም ዓለም ታገኙታላችሁ። የእኛን ግን እኛ ካላቆየነው ማንም አያቆይልንም። ስለዚህ ያለኝን ትንሽ መሬት የሰጠሁት ለእኛው ነው።

ንቦች ጦስኝን ለምን ይወዱታል?

አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር፣ ቁጢጥ ብላችሁ አበባውን በቅርብ እዩት። አንዱ አበባ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። የታችኛው ከንፈሩ ለንቧ ማረፊያ ይሆናል። ንቧ እዚያ ላይ ትቆምና ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ ሰዳ ከሥሩ ያለችውን ጣፋጭ ጠብታ ትጠጣለች። አንዱ ላይ የምትቆየው ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ወዲያው ወደ ጎን ተራምዳ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። መብረር እንኳ አያስፈልጋትም፤ አበባዎቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነው ያሉት። ንብ ጦስኝ ላይ ስትቀስም በእግሯ ስትሄድ ታዩዋታላችሁ። ለሷ ድካም የሌለበት ገበያ ነው።

ጦስኙም በበኩሉ ንቧን ይፈልጋታል። በጦስኝ አበባ ውስጥ ወንዴው ክፍል ቀድሞ ይደርሳል። ብናኙን ከሰጠ በኋላ ነው ሴቴው ክፍል ለመቀበል የሚዘጋጀው። ሁለቱ ስለማይገጣጠሙ አበባው ለብቻው ዘር መያዝ ይቸግረዋል፤ ከሌላ አበባ ብናኝ የሚያመጣለት ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ርክበ ብናኝ ብለን የተማርነው ይኸው ነው።

የሚመጡት የማር ንቦች ብቻ አይደሉም። እኔ ጋ ጣዝማ የምትመስል ትንሽ ጥቁር ንብ ትመጣለች። ተርብ የሚመስሉ ግን የማይነድፉ፣ አየር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ዝንቦችም አሉ። ትናንሽ ቢራቢሮዎችም ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እኔ ግቢ ድንች፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ብቻ በነበረ ጊዜ አይታዩም ነበር።

ችግኝ ከየት ላገኝ እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ገበያ ሄዳችሁ ጦስኝ ስትሉ ደረቁን በቁና ወይ በላስቲክ ትገዛላችሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ እርጥቡ ታስሮ ይመጣል። እርጥቡን እሥር አንስታችሁ ከታች ተመልከቱት። ብዙውን ጊዜ ሥሩ አለበት፤ ቡናማው አፈር ገና አልረገፈም። ይህ ማለት ተክሉ ተቆርጦ ሳይሆን ተነቅሎ ነው የመጣው ማለት ነው። የተቆረጠ ጦስኝ በሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ያቆጠቁጣል። የተነቀለ ግን በቃ አለቀ፤ ዘሩንም ሳያራግፍ ሄደ። ለቃሚውን አልወቅስም። በብርድ ተራራ ወጥቶ የሚለቅም ሰው ቶሎ ጆንያውን ሞልቶ መውረድ ነው የሚፈልገው፤ ጎትቶ መንቀል ደግሞ በማጭድ ከመቁረጥ ይፈጥናል። ግን እንዲህ እየተነቀለ ስንት ዓመት ይዘልቃል? የተነቀለበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ዝናብ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ለማር የሚቀሰም አበባም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከተራራ ነቅላችሁ አታምጡ። ገበያ ላይ ሥሩ ያልሞተ እርጥብ እሥር ካያችሁ ግን ግዙትና ትከሉት፤ ነፍስ ማዳን ነው። የእኔም የመጀመሪያው ጦስኝ የተገኘው እንዲሁ ነው። ከእሥሩ ውስጥ አምስት ሥር ያላቸው ጭራሮዎች መርጬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤት አመጣኋቸው፤ ሁለቱ ያዙ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ያለው ሰው ጋ ሄዶ መጠየቅ ነው። ያደገ ጦስኝ መሬት የነካው ዘንጉ ሁሉ ሥር ያወጣል። አንዱን ዘንግ ከነሥሩ ቆርጦ መስጠት ለሰጪው ምንም አያጎድልበትም።

ቀንበጥ ቆርጬ መትከል እችላለሁ?

ትችላላችሁ። አበባ ያልያዘ ቀንበጥ ምረጡ። ርዝመቱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የታችኛውን ግማሽ ቅጠሉን አራግፉና አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ሰኩት። ጥላ ቦታ አድርጉት፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት እንቢ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው።

ከዘርም ይበቅላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘሩ እንደ አዋራ የደቀቀ ነው። አፈር አታልብሱት፤ ላዩ ላይ በትናችሁ በእጃችሁ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃል። ውሃውን በመርጫ ርጩት፤ በጆግ ካፈሰሳችሁበት ዘሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል።

የት ልትከለው? አፈሩስ?

ፀሐይ። ቢያንስ በቀን ስድስት ሰዓት። ጥላ ውስጥ አይሞትም፤ ግን ይመነምናል፣ ሽታው ይቀንሳል፣ አበባውም ጥቂት ይሆናል። ንብም ቢሆን የምትወደው ፀሐይ የመታውን አበባ ነው።

አፈሩ ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ጣርማ በር አካባቢ ወይም ባሌ ዲንሾ ላይ ጦስኝ የሚበቅልበትን ቦታ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ድንጋይ ሥር፣ ገደል አፋፍ፣ አፈሩ የሳሳ ቦታ ነው። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ግን ውሃው አይቆምም፣ ቁልቁል ይወርዳል። የአዲስ አበባ ግቢዎች ብዙዎቹ ደግሞ መረሬ ናቸው። መረሬ በክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጦስኝ መረሬ ላይ አንድ ክረምት አይወጣም።

እኔ ያደረግሁት መደብ ከፍ ማድረግ ነው። ከመሬቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጉብታ ሠራሁ። ግማሹን አፈር፣ ሌላውን ግማሽ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር አደረግሁት። ዙሪያውን ከቤት ግንባታ የተረፈ ድንጋይ ደረደርኩ። ድንጋዩ ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ማታ ይሞቃል፤ ጦስኙም እላዩ ላይ ይሳባል። ችግኞቹን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አራርቁ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል። በዓመቱ ይገናኛሉ።

መቼ ልትከል?

አዲስ አበባና መሰል ቦታዎች ለምትኖሩ እኔ የምመርጠው መስከረም ነው። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ፀሐዩም ተመልሷል። ሰኔ ላይ የሚተክሉ አሉ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሥር ላልያዘ ጦስኝ ከባድ ናቸው። ደብረ ብርሃንና ከዚያ በላይ ብርድ ያለበት አገር ያላችሁ ደግሞ የጥቅምት ውርጭ ሳይመጣ ሥር እንዲይዝ አትዘግዩ። ሥር ከያዘ በኋላ ውርጩ አያሳስባችሁ፤ ያደገበት ነው።

ጦስኜ ቢጫ ሆኖ ደረቀብኝ። ምን አጠፋሁ?

ዘጠና በመቶ ማለት ይቻላል፣ ውሃ ነው። ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ችግኞች ልክ እንደ ጎመን ነው የያዝኳቸው። ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። ከዘመድ ቤት ያመጣሁትን የላም ፍግ ከሥራቸው ከመርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሆነው ተንዠረገጉ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ አንዱ ከመሃሉ ጠቆረ። ደረቀ ብዬ ውሃ ጨመርኩለት። ስነቅለው ሥሩ ለስልሶ በእጄ ላይ ተቆረጠ፤ ይሸት ነበር። በጣም አዘንኩ። ሁለተኛውን በማግስቱ ነቅዬ ጠጠር ባለበት ጉብታ ላይ አዛወርኩት፤ ዛሬ ያለኝ ጦስኝ ሁሉ የሱ ልጅ ነው።

እንግዲህ አዲስ የተተከለን ለመጀመሪያው ወር በየሁለት ሦስት ቀኑ አጠጡ። ከዚያ በኋላ በበጋ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። በክረምት ጨርሶ አታጠጡ።

ፍግ አይወድም። አፈሩ ከሰባ ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ሽታው ይሳሳል። መዓዛው ያለው ቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ብታዩ እንደ ነጥብ ይታያሉ። በዘይቱ ውስጥ በዋናነት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ተክሉ ራሱን ከበሽታና ከሚግጠው እንስሳ የሚከላከልበት ነው። ፀሐይና ድንጋይ ያገኘ ጦስኝ የበለጠ ይሸታል፤ የተቀማጠለው ሽታው ቀዝቃዛ ነው።

ሰርዶ ገባበት። ምን ይሻላል?

ሰርዶ የጦስኝ ዋነኛ ጠላት ነው። ከተባይም ይብሳል። ከሥር ሥር ሄዶ ጦስኙ መሃል ብቅ ይላል፤ ስትነቅሉት ጦስኙ አብሮ ይመጣል። ከመትከላችሁ በፊት አፈሩን አገላብጣችሁ የሰርዶን ነጭ ሥር አንድ በአንድ ልቀሙ። አንድ ቀን ሙሉ ቢወስድባችሁም ይውሰድ። ከተተከለ በኋላ ከሆነ የገባው፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አፈሩ ለስልሶ እያለ፣ በቢላ ጫፍ እየተከተላችሁ አውጡት።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በረንዳ ላይ ይሆናል?

በደንብ ይሆናል፤ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ከሆነ። የዘይት ጀሪካን ቆርጣችሁ ከታች አራት አምስት ቀዳዳ አድርጉ። ቀዳዳው ላይ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ የበዛበት አፈር። ከሥሩ ሳህን ካደረጋችሁ ውሃው ሳህኑ ላይ አይቁም። የሸክላ ዕቃ ካገኛችሁ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ይተነፍሳል። ማንም የማይደርስበት አራተኛ ፎቅ ላይ እንኳ ንብ ትደርሳለች። አንዲት እህት ከተከለች በኋላ አበባው በፈነዳ ሳምንት ፎቶ ልካልኛለች፤ ሁለት ንቦች በረንዳዋ ላይ።

አዳማ ነኝ፣ ሐዋሳ ነኝ፣ ድሬ ነኝ። ይበቅልልኛል?

ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው። በዱር የሚገኘው ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ ይወጣል። ሙቀት ባለበት አገር ሊቆይ ይችላል፤ ግን ይደክማል። ለወይና ደጋ ኮሰረትና ዳማ ከሴ የተሻሉ ናቸው። ሁለቱም አገር በቀል፣ ሁለቱም ለዓመታት የሚቆዩ፣ ሁለቱም ንብ የምትጎበኛቸው ናቸው። ኮሰረቱ ቅቤ ለማንጠር፣ ዳማ ከሴው ምች ለመታው ሰው ይሆናል። ቆላ ከሆናችሁ በሶብላ ዝሩ፤ ጥቂቱን ሳትለቅሙ እስኪያብብ ተዉት።

ከጦስኝ ጋር ምን ብተክል ለንቦች ጥሩ ነው?

ዋናው ነገር አበባ የማይጠፋበት ግቢ ማድረግ ነው። ንብ መስከረምና ጥቅምት ላይ ብዙ አበባ አላት፤ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶታል። የሚከብዳት ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ነው። እንግዲህ በተለያየ ጊዜ የሚያብብ ነገር አሰባጥሩ። ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ በሶብላ፣ ቦታ ካላችሁ በአጥር ላይ ግራዋ። ግራዋ ሲያብብ ዛፉ በሙሉ ይዘምራል፤ ከሩቅ ይሰማል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልንገራችሁ። የሚሸት ተክል ሁሉ ንብ አይቀልብም። አሪቲ በጣም ይሸታል፤ ለበዓል ከቄጠማ ጋር ይጎዘጎዛል። ግን ብናኙን የሚያጓጉዝለት ነፋስ ስለሆነ ለንብ ጣፋጭ ነገር አያዘጋጅም። ይተከል፤ እኔም አለኝ። ለንብ ተብሎ ግን አይደለም።

ሌላው ባዶ አፈር ነው። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ቀፎ የላቸውም፤ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት፤ ብዙዎቹም መሬት ቆፍረው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጣዝማም ቤቷ መሬት ውስጥ ነው። ግቢያችንን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ስናለብሰው በራቸውን ዘጋንባቸው ማለት ነው። አንድ ጥግ፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ያልተቆፈረ አፈር ተዉላቸው። ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር ደርድራችሁ ትንሽ ውሃ ብታደርጉ ደግሞ ጠጠሩ ላይ ቆመው ይጠጣሉ። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩት፤ የወባ ትንኝ እንዳይፈላበት።

ልጆች አሉኝ። ንብ ብትነድፍብኝስ?

ስጋቱ ይገባኛል። የእኛ ንብ ቀፎዋን ስትጠብቅ ቁጡ ናት። አበባ ላይ ያለች ንብ ግን የምትጠብቀው ቤት የላትም፤ ሥራ ላይ ናት። ካልረገጧት ወይም በእጅ ካልጨበጧት አትነድፍም። ስለዚህ ጦስኙን ልጆች በባዶ እግር ከሚሯሯጡበት መንገድ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ትከሉት። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ማየትን ለምዳለች። በቤታችሁ ንብ ነድፎት ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ግን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ሐኪም አማክሩ፤ የሚያብብ ነገርም ከበርና ከመስኮት አርቁ።

ተባይ ቢመጣበት ምን ልርጭ?

ምንም። ጦስኝ በራሱ ሽታ ብዙውን ተባይ ያርቃል። ጎረቤት ያለው ጎመን ላይ ክሽክሽ (ቅጠል ላይ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ተባይ) ከወጣ እንኳ ወደ ጦስኙ እምብዛም አይሻገርም። ማላታይንም ሆነ ሌላ ነፍሳት ገዳይ መድኃኒት ያበበ ተክል ላይ ከረጫችሁ የምትገድሉት ተባዩን ብቻ አይደለም። ንቧ መርዙን ይዛ ቀፎዋ ትገባለች። ጎመናችሁ ላይ የግድ መርጨት ካለባችሁ ነፋስ በሌለበት፣ ፀሐይ ጠልቃ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ይሁን፤ ጦስኙንም በጨርቅ ሸፍኑት። እኔ እጄን በሳሙና ውሃ ነክሬ ክሽክሹን ከቅጠሉ ላይ ማበስ ነው የምመርጠው። ይሠራል።

ለሻይ መቼ ልቁረጥ? ንቦቹን አልሻማቸውም?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ጦስኙ ለእናንተም ለንቦቹም ይዳረሳል።

የጦስኝ ሽታ የሚበረታው ሊያብብ ሲል እና ሲያብብ ነው። ንቧም የምትፈልገው ያኔ ነው። እኔ መደቡን በዓይኔ ከሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹን እንቡጥ ሲይዝ እቆርጣለሁ። ግማሹን አልነካውም፤ አብቦ፣ ተቀስሞ፣ አበባው ቡናማ ሲሆን ነው የምከረክመው። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አቀያይራለሁ። የቆረጥኩት ግማሽ ዘግይቶ መልሶ ያብባል፤ ስለዚህ ንቦቹ ሁለት ዙር ያገኛሉ።

በመቀስ ቁረጡ፤ በእጅ አትጎትቱ። ከአንድ ተክል ላይ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። ቅጠል የሌለበት ደረቅ እንጨቱ ድረስ ወርዳችሁ አትቁረጡ፤ ከዚያ አያቆጠቁጥም። ጠል ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ጥሩ ሰዓት ነው። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ በትናችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ዘይቱ ይተንና ገለባ ይቀራችኋል። ሲደርቅ በእጃችሁ አሽታችሁ ጭራሮውን ለዩና ክዳን ባለው ጠርሙስ ክተቱ።

ለሻይ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ለአንድ ኩባያ ይበቃል። ውሃው ከፈላ በኋላ አውርዳችሁ ጨምሩና አምስት ደቂቃ ክደኑት፤ አብራችሁ አታንተክትኩት። ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጅም አብሮ ይፈጫል። የተረፈው ጭራሮ ቡና ሲፈላ ከሰል ላይ ጣል ቢደረግ ቤቱን ያውደዋል።

ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለሳል መድኃኒት ነው ይባላል?

እናቶቻችን ለጉንፋንና ለሳል ከማር ጋር ሲሰጡን ነው ያደግነው፤ እኔም ሲያመኝ የምጠጣው እሱን ነው። ለደም ግፊትና ለስኳር የሚጠጡም ብዙ ናቸው። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት አቁማችሁ ግን በጦስኝ ሻይ አትተኩ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም በየቀኑ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ አብዝታችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት ጠይቁ። የጦስኝ ዘይት ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ከሻዩ ጋር አንድ አይደለም። በጣም የበረታ ነው፤ አይጠጣም።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ይዤ ልሂድ?

ለሻይ የደረቀውን ስትይዙም የምትገቡበትን አገር ደንብ እዩ። ችግኝና ዘር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ይጠይቃል። ሻንጣ ውስጥ ደብቃችሁ አትውሰዱ። ከአፈሩ ጋር የሚሄድ በሽታ የሌላ ሰው ማሳ ይጨርሳል።

እዚያው የሚሸጠውን የአውሮፓ ታይም በማሰሮ ብትተክሉ ለሻይ ይሆናችኋል። ለንቦቹ ካሰባችሁ ግን የዚያው አገር በቀል ይሻላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ሞናርዳ አለላችሁ፤ ከጦስኝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሽታውም ያስታውሳል፣ ቅጠሉም ሻይ ይሆናል። ማውንቴን ሚንት የሚባለውም እንዲሁ፤ ሲያብብ ንብ ይለብሳል። እስራኤል ያላችሁ ዛዕታርን ታውቁታላችሁ፤ የጦስኝ ዘመድ የሆነ ቅመም ነው። የዱሩ ዛዕታር በለቀማ ብዛት እንዳያልቅ ተብሎ በ1977 እ.ኤ.አ. ጥበቃ ከተደረገላቸው ተክሎች ውስጥ ገባ። ዛሬ በእርሻ ይመረታል፤ በረንዳ ላይም ይሆናል። የእኛም ጦስኝ እዚያ ደረጃ ሳይደርስ ማሳ ላይ ቢለመድ እመኛለሁ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት በማሰሮ ሞክሩት፤ በበጋው ሙቀት ውጭ አይቆይም።

ስንት ዓመት ይቆያል?

ሦስት አራት ዓመት ካለፈው መሃሉ እንጨት ይሆንና ይራቆታል፤ ዳር ዳሩ ግን ለምለም ነው። ያኔ ዳር ያለውን ሥር ያወጣ ዘንግ ቆርጣችሁ አዲስ ቦታ ላይ ትከሉት። አሮጌውን ንቀሉት።

ለሰው ችግኝ መስጠት ብፈልግ እንዴት ልላከው?

መሬት የነካውን ዘንግ ከእናቱ ጋር ሳለ በመቀስ ቁረጡት፤ ግን ወዲያው አታንሱት። ሳምንት ያህል በራሱ ሥር እንዲቆም ተዉት። ከዚያ ጭብጥ ከምታህል አፈር ጋር አንሱት። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሉና ላስቲክ ውስጥ አድርጉት፤ የላስቲኩን አፍ አትቋጥሩት፤ ይታፈናል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን መንገድ ይችላል። ለተቀባዩም ንገሩት፦ ጉብታ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ፍግ የለም፣ ውሃ በልክ።